ከአርባ ምንጭ እስከ ሐሬ፦ ውኃን መርቶ የመውሰድ ጥበብ ታሪካዊ ቅኝት

ውኃን ከመነጨበት ሥፍራ ወደሚፈለግበት ሥፍራ መርቶ መውሰድ ከሰው ልጅ ጥንታዊ የምሕንድስና ተግባራት አንዱ ነው። ሮማውያን ለዚሁ የሚሠሩትን ግንባታ በላቲን ቋንቋ «አኳዱክቱስ» ይሉት ነበር፤ ትርጓሜውም ውኃ መምሪያ ማለት ነው። ዛሬ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ የሚጓዝ አገር ጎብኚ በኒም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውንና ፖን ዱ ጋር የተባለውን ባለ ሦስት ደርብ የውኃ ድልድይ ሳያይ አይመለስም። ድልድዩ ከወንዙ በላይ ወደ 49 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። ለባለሙያ ዓይን ግን ከቁመቱ ይልቅ የሚያስደንቀው የቅየሳው ጥራት ነው። ድልድዩ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የአንድ ቦይ ክፍል ሲሆን፥ በዚያ ሁሉ ርቀት ውስጥ ቦዩ የሚወርደው ከ13 ሜትር ያነሰ ነው። ይህም በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት መሆኑ ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ እንኳ ጠባቂ ሲያጣ አገልግሎቱን አቋረጠ። ቦዩን የሚጠርገው ሰው ሲጠፋ ከውኃው ጋር የሚመጣው ኖራ በግድግዳው ላይ እየተጋገረ የውኃውን መንገድ አጠበበው፤ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማም ቦዩ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ97 ዓ.ም. የሮማ ከተማ የውኃ አስተዳዳሪ ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲኑስም ስለ ሥራው በጻፈው መጽሐፍ፥ ቦዩን እየበሱ ውኃ ስለሚሰርቁ ሰዎችና ስለ ጥገና በሰፊው አትቷል። ከዚህ የምንረዳው፥ ውኃ መምሪያ በድንጋይ ይሠራ እንጂ የሚኖረው በሰዎች ሥርዓት መሆኑን ነው።

በአገራችን ያለው ልምድ

በአገራችንም ውኃን መርቶ የማምጣት ታሪክ ረዥም ነው። በጎንደር ከዐፄ ፋሲል ዘመን (1624-1660 ዓ.ም.) ጋር በተለምዶ የሚያያዘው የመዋኛ ሥፍራ እስከ ዛሬ ድረስ ለጥምቀት በዓል የሚሞላው ከቃሃ ወንዝ በቦይ ተመርቶ በሚመጣ ውኃ ነው። ይህ በስበት ኃይል ብቻ የሚሠራ ክፍት ቦይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የአዲስ አበባ ነው። በዐፄ ምኒልክ አገልግሎት ላይ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገባ። ውኃው ከእንጦጦ ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደገና ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ መውጣቱ በዘመኑ ሕዝብ ዘንድ ታላቅ መደነቅን አሳድሮ ነበር። ምስጢሩ ለእኛ ግልጽ ነው፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ፥ ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ብሎ እስከ ተገኘ ድረስ በመካከሉ ያለውን ሸለቆ ይሻገራል።

የጋሞ ምድርና ውኃው

ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣ ጎብኚ የድንጋይ ቅስት አያገኝም። የሚያገኘው የመሬት አቀማመጡን ነው። የጉጌ ተራራ ጫፍ 4,200 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፥ የአባያ ሐይቅ ወለል 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በእነዚህ መካከል ያለው የሦስት ሺህ ሜትር ልዩነት የአካባቢውን የውኃ ታሪክ ወስኗል። የኒሙ ቀያሽ ያስጨነቀው የተዳፋት ማነስ ሲሆን፥ የጋሞን ገበሬ ያስጨነቀው የተዳፋት መብዛት ነው። አንዱ ውኃውን ለማስኬድ፥ ሌላው ውኃውን ለመግታት ደከመ። በደጋው ላይ በድንጋይ የተደገፉት እርከኖች የዚህ ድካም ምስክሮች ናቸው።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች በገደሉ ግርጌ፥ በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ጫካ ውስጥ ይገኛሉ። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ከርሰ ምድር ሰርጎ፥ ተዳፋቱ በሚያበቃበት በዚህ ሥፍራ በብዙ ቀዳዳ ይፈልቃል። በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ ቆላው ሲወርድ አዲሲቱ ከተማ የተቆረቆረችው ከምንጮቹ በላይ ባለው ሜዳና ጉብታ ላይ በመሆኑ፥ ውኃው ወደ ነዋሪው የሚደርሰው በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ላይ በመውጣት ነው። ተራራው በነፃ ያወረደውን ውኃ ከተማው በኃይል መልሶ ያወጣዋል ማለት ነው። በመሆኑም የምንጮቹ ደኅንነት በፓምፑ ቤት አጥር ውስጥ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ ጫካው ቢመነጠር ወይም ደጋው ቢራቆት ምንጮቹም ይጎዳሉ።

የሐሬ ቦዮች

ከከተማዋ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የሐሬ ወንዝ ለጎብኚው ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ወንዙ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጨንቻ ደጋ ተነሥቶ ወደ አባያ ይወርዳል። በቆላው ላይ ያሉት የቻኖ ሚሌና የቆላ ሻራ ገበሬዎች እስከ አዲስ አበባ ገበያ የሚጓዘውን ሙዝ የሚያለሙት በዚህ ወንዝ መስኖ ነው። በወንዙ ላይ ባህላዊ ጠለፋም ዘመናዊ ጠለፋም ይታያል።

ባህላዊው ጠለፋ ከድንጋይ፥ ከቅርንጫፍና ከአፈር የሚሠራ ሲሆን፥ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ይፈርሳል፤ ገበሬውም ተሰባስቦ መልሶ ይሠራዋል። ይህን አይቶ ኋላ ቀር ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን አሠራሩን ልብ ብሎ የሚመለከት መሐንዲስ ሁለት ነገሮችን ይገነዘባል። አንደኛ፥ እንዲህ ያለው ጠለፋ ውኃ ያሾልካል፤ የሾለከውም ውኃ በታች ላለው ተጠቃሚ ይደርሳል። በሲሚንቶ የተገነባ ጠለፋ ግን ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዝ፥ በንድፉ ላይ ካልታሰበበት የታችኛውን ሰው ድርሻ ያስቀራል። ሁለተኛ፥ በጎርፍ የሚፈርስ ጠለፋ ከደጋው የሚመጣውን ደለል አብሮ ያሳልፋል፤ የማይፈርሰው ግን ደለሉን ያጠራቅማል ወይም ወደ ቦዩ ያስገባል። ስለዚህ አዲሱ ግንባታ ከአሮጌው የበለጠ ጠራጊ እንጂ ያነሰ አይፈልግም።

የጠራጊው ጉዳይ ደግሞ ወደ ሥርዓት ይመልሰናል። በጋሞ ሕዝብ ዘንድ «ዱቡሻ» በሚባለው የሸንጎ ሥፍራ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ክርክርን ይሰማሉ፤ እርቅንም ያወርዳሉ። እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ጠብን የሚያበርዱት የጋሞ አባቶች በ2011 ዓ.ም. መግቢያ በአርባ ምንጭ ከተማ ባደረጉት ተግባር በመላ አገሪቱ መመስገናቸው ይታወሳል። ፍሮንቲኑስ በሹመት ሥልጣን ሊያስከብር የደከመበት ዓይነት ሥርዓት በዚህ አገር በአባቶች ቃል ሲጠበቅ ኖሯል። የሙያ ባልደረቦቻችን የመስኖ አስተዳደር ደንብ በሚያረቅቁበት ጊዜ ይህን እንደ ባዶ ገጽ ሊቆጥሩት አይገባም።

የቀረን ተግባር

ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ የሚገኘው የኮንሶ እርከንና መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። «ሐርዳ» የተባሉት የኮንሶ የውኃ ማጠራቀሚያዎችም የዚሁ ቅርስ ክፍል ናቸው። ድንጋይ ስለሆኑ ይታያሉ፤ ስለሚታዩም ተመዘገቡ። የአፈር ቦይ ግን ለአንድ ክረምት ከተተወ በሣርና በደለል ይሸፈናል፤ በላዩም አዲስ ቦይ ሲቀደድ አሮጌው ለዘለዓለም ይጠፋል። ይህን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ ከእኛው ንድፍ ጋር የሚመጣው ቁፋሮ ነው።

በመሆኑም የማኅበራችን አባላት በመስኖ ሥራ ላይ በተሰማሩበት ሁሉ፥ ቁፋሮ ከመጀመሩ አስቀድሞ ነባሩን ቦይ ይለኩ፤ ተዳፋቱንና ፍሰቱን ይመዝግቡ፤ የውኃ ተራው በማንና እንዴት እንደሚደለደል ከሽማግሌዎች ጠይቀው ይጻፉ። የዚህ ጽሑፍ አንድ ቅጂ በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት ተጀምሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በአርባ ምንጭ የትምህርት ማዕከል ቢቀመጥ፥ ተማሪው በቅርብ ያገኘዋል። ሥራው የሚጠይቀው የቅየሳ መሣሪያ፥ ደብተርና ጥቂት ቀናት ነው። ይህ ካልተደረገ ግን ከእኛ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ የኒምን ቦይ ተዳፋት እስከ ሳንቲ ሜትር እያወቀ የሐሬን ሳያውቅ ይቀራል።