የካፉሪው ኮምፒዩተር፤ የቤት ውስጥ ጨዋታ ታሪክና ትምህርቱ

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው የአባቶች ምክር ለልብስና ለድግስ ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን በየቤቱ ስለገባው ኮምፒዩተርና በላዩም ስለሚካሄደው ጨዋታ ቢነገር እጅግ የሚስማማ ሆኖ እናገኘዋለን። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማችን ዕጩ መምህራን ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ «ለጨዋታ የሚሆን ጥሩ ኮምፒዩተር የትኛው ነው?» የሚል ነው። ለታሪክ መምህር ይህ ጥያቄ መቅረቡ ያስገርም ይሆናል፤ ዳሩ ግን መልሱ ከገበያው ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ጨዋታ የሚጥመው መሣሪያው ውድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ጨዋታው፣ መሣሪያው፣ ቤቱና በቤቱ ያሉት ሰዎች ሲጣጣሙ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ካርቱም ውስጥ ካፉሪ በተባለው ሠፈር ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን የነገሩን አመጣጥ በአጭሩ እንመልከት።

ጨዋታው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1962 ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ሁለት መንኮራኩሮች በጠፈር የሚዋጉበት «ስፔስዋር» የተባለ ጨዋታ ሠሩ። ጨዋታው የሠራበት ፒ.ዲ.ፒ.-1 የተባለ ኮምፒዩተር ዋጋው 120,000 ዶላር ያህል ስለነበረ ተራ ሰው በቤቱ ሊያስገባው ቀርቶ ሊያየውም አይችልም ነበር። ኮምፒዩተር ወደ ቤት እየገባ የሄደው ከ1977 ወዲህ ሲሆን፣ ዛሬ የምንጠቀምባቸው የአብዛኞቹ የቤት ኮምፒዩተሮች አያት የሆነው የአይ.ቢ.ኤም. ፒ.ሲ. ለገበያ የቀረበው ነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. ነው። የዚህ መሣሪያ ዝቅተኛው ዓይነት የነበረው ማስታወሻ 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ እንኳን በዚያ ማስታወሻ ውስጥ አትገባም።

ሆኖም የመሣሪያው ድህነት ጨዋታውን አላደኸየውም። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። አንደኛው በሰኔ 1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ይሠራ የነበረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ የፈጠረው «ቴትሪስ» ነው። የሠራበት ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው መሣሪያ ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበርና፣ ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች በጽሑፍ ምልክቶች፣ ማለትም በቅንፎች፣ ሠራቸው። እነሆ፣ ሥዕል በማያውቅ መሣሪያ ላይ የተወለደው ጨዋታ ዓለምን አዳረሰ።

ሁለተኛው ምሳሌ በታኅሣሥ 1993 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዱም» ነው። ሠሪዎቹ የሰው ሁሉ ኮምፒዩተር እኩል እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ስለዚህም ተጫዋቹ የሚታየውን መስኮት እንዲያሳንስና የምስሉን ዝርዝር እንዲቀንስ አደረጉ፤ መሣሪያው ደካማ ቢሆንም ጨዋታው ሳይጎተት እንዲሄድ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍልም በነጻ እየተቀዳ ከሰው ለሰው እንዲተላለፍ ፈቀዱ፤ ኮምፒዩተሮችን በገመድ በማገናኘትም እስከ አራት ሰዎች አብረው ይጫወቱት ነበር። መመጠን፣ መካፈልና አብሮ መጫወት፣ እነዚህ ሦስቱ በካፉሪ ደግመው ይገጥሙናል።

ካፉሪና ማዕቀቡ

ካፉሪ ከዓባይ በስተሰሜን፣ ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ክፍል የሚገኝ ሠፈር ነው። ስሙን ያገኘው ካፉሪ ከተባለው ቤተሰብ የእርሻ ርስት ሲሆን፣ በኋላ ባለ ትልልቅ ግቢ ቪላ ቤቶች የተሠሩበት የባለጸጎች መኖሪያ ሆነ። በካርቱም በእንደዚህ ዓይነት ቤቶች ውስጥ በሠራተኛነት የኖሩ ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙ ናቸው። አክስቴም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። እኔም እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ከእርሷ ዘንድ ተቀምጬ የቤቱን ሁለት ወንዶች ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ አስጠና ነበር። ልጆቹ «ኡስታዝ» ይሉኝ ነበር፤ በእነርሱ አነጋገር አስተማሪ ማለት ነው። ጥናቱ ሲያበቃ ግን አስተማሪዎቹ እነርሱ፣ ተማሪው እኔ ነበርኩ፤ ኮምፒዩተሩ ፊት እንቀመጥ ነበርና።

በዚያን ጊዜ ሱዳን በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ነበረች። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዕቀቡን ያወጁት ኅዳር 3 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ነው። ውጤቱ ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ለሕፃኑም ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ «ስቲም»ን በመሳሰሉ መደብሮች አማካይነት ጨዋታ በዲስክ መሸጡ እየቀረ በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀመር፣ በካርቱም የሚኖር ሰው በባንክ ካርድ የሚከፍልበት መንገድ አልነበረውም። አባትየው ባለጸጋ ቢሆንም እንኳ ገንዘቡ ከኪሱ ወጥቶ ሻጩ ዘንድ ሊደርስ አይችልም ነበር። ስለዚህ ጨዋታ ከዱባይ በሻንጣ ይመጣል፣ ወይም ከገበያ የተቀዳ ዲስክ ይገዛል። የተቀዳው ዲስክ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባል፤ ለሠሪውም ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። ይህን ነውር የለበትም ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በሩን ዘግቶ «ለምን በመስኮት ገባህ?» ማለትም ሙሉ ፍርድ አይደለም።

በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች ከማዕቀቡ ነጻ ሆኑ፤ አብዛኛው የንግድ ማዕቀብ የተነሣው ጥቅምት 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሱዳን ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ ከሚባሉት አገሮች መዝገብ የተሰረዘችው ታኅሣሥ 14 ቀን 2020 ነው። በሌላ አነጋገር፣ ማዕቀቡ በታወጀበት ዓመት የተወለደ ልጅ ሃያ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጨዋታን በሕጋዊ መንገድ መግዛት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሊያድግ ይችል ነበር።

ሙቀት፣ አቧራና መብራት

አንድ ቀን አባትየው ከዱባይ አዲስ ጨዋታ አመጡ። ልጆቹ በደስታ ጫኑት፤ ምስሉ ግን እንደ ተራ ፎቶግራፍ አንድ በአንድ እየቆመ ይሄድ ጀመር። ከሃያ ደቂቃ በኋላም ኮምፒዩተሩ ራሱን አጠፋ። ታላቅየው «አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛልን» ብሎ አለቀሰ። አባትየውም ሊገዙ ተነሥተው ነበር።

እኔ ስለ መሣሪያው ብዙ አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን በካርቱም በግንቦት ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍና «ሀቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበል ከተማውን በቀትር እንደሚያጨልም አይቼ ነበር። የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅለን የጎኑን ክዳን ስንከፍተው፣ ማራገቢያው በቀይ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተገኘ። የኮምፒዩተር አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ካላቆመ ደግሞ ይጠፋል። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ቀስ ብለን ጠረግነው፤ ከግድግዳው ተጠግቶ የነበረውንም ሣጥን አየር እንዲያገኝ ሳብ አደረግነው። መጥፋቱ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቀረ።

የምስሉ መጎተት ግን አልቀረም። ይህን የፈታነው በሒሳብ ነበር። በ1920 በ1080 የሚታይ ምስል 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ በ1280 በ720 የሚታየው ግን 921,600 ብቻ ነው። መሣሪያው እያንዳንዱን ነጥብ በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ ይሥላልና፣ ነጥቦቹን ከግማሽ በታች ስናወርድለት ሸክሙ ቀለለው። ጥላውን አጠፋን፤ የሣሩንና የተመልካቹን ሕዝብ ዝርዝር ቀነስን። በሴኮንድ 30 ምስል ከታየ ጨዋታው ይሄዳል፤ 60 ከደረሰ ደግሞ እንደ ውኃ ይፈሳል። ልጆቹ የማባዛትን ጥቅም ያን ቀን እንደተረዱት በደብተር ላይ አስረድቻቸው አላውቅም።

ሦስተኛው ችግር መብራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የመረዌ ግድብ 1,250 ሜጋዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ቢሆንም፣ በሙቀቱ ወራት በካርቱም መብራት መቋረጡ አልቀረም። የካፉሪ ቤቶች ጀነሬተር ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ባለችው ቅጽበት ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፣ የአንድ ሰዓት ጨዋታም ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ባትሪ ያለው ዩ.ፒ.ኤስ. መግዛት ነበር፤ ዋጋው ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጨዋታውንም በየጊዜው ማስቀመጥ የቤቱ ሕግ ሆነ።

ሁለት ሰዎች በአንድ ስክሪን ፊት

በዚያ ቤት ከሁሉ የበለጠ ይወደድ የነበረው በሁለት ጆይስቲክ የሚካሄደው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ጎረቤት ልጆች እየመጡ ተራ ይጠብቁ ነበር። አክስቴ ቡና ይዛ ስትገባ የሚጮኹትን ተመልካቾች አይታ «ገበጣም ላይ የሚያጣላው ተመልካቹ ነው» ብላ ትስቅ ነበር።

ነገሩ እውነት ነው። በገበጣ ተጫዋቾቹ ሁለት ቢሆኑም መካሪው ብዙ ነው። በጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥም ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው ተራ የሚጠበቀው። ስለዚህ በፍጥነትና በአብሮነት መጫወት ኮምፒዩተር ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። ኮምፒዩተሩ ሠሌዳውን ብቻ ነው የለወጠው።

በአንድ ስክሪን አብሮ የመጫወት ጥቅም በኋላ ይበልጥ ታየ። ከሰኔ 3 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ በሱዳን ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜ፣ በመስመር ላይ ብቻ የሚሠራ ጨዋታ ሁሉ ከንቱ ሆነ። በቤቱ ዲስክ ላይ ያለውና ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጫወቱት ግን ቀጠለ። በእኛም አገር ኢንተርኔት የተቋረጠባቸውን ጊዜያት የሚያስታውስ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከተጫዋችነት ወደ ሠሪነት

ደካማ መሣሪያ የሠሪውንም እጅ አያስርም። ሉዋል ማየን ቤተሰቡ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲሸሽ በመንገድ የተወለደና በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች መጠለያ ያደገ ወጣት ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ቆጥበው በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዙለት፤ እርሱም ባትሪውን ለመሙላት ሦስት ሰዓት በእግሩ ይጓዝ ነበር። በዚያ ላፕቶፕ ተምሮ «ሰላም» የተባለ፣ ስደተኛን ከአደጋ ስለ ማትረፍ የሚናገር ጨዋታ ሠራ። በአዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሳዳጅዋ የምታመልጥ ዶሮን ታሪክ ይዞ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ አውጥቷል።

ደብተሩ

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ባሕሪና ካፉሪም የውጊያ ሜዳ ሆኑ፤ የመንግሥት ጦር ካፉሪን መልሶ የያዘው በ2025 መጀመሪያ ነው። አክስቴ አንድ ሻንጣ ይዛ በመተማ በኩል ወደ አገሯ ገባች። ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ተሰደደ። ቤቱ መዘረፉን ታላቅየው ከካይሮ በስልክ ነገረኝ። ስለ ኮምፒዩተሩ አንድም ቃል አልተናገረም፤ የጠየቀኝ «ኡስታዝ፣ ደብተሩ አለ?» ብሎ ነው።

ደብተሩ አለ። የእግር ኳሱን ጨዋታ ውጤት የምመዘግበው እኔ ስለነበርኩ ስመለስ ይዤው መጥቻለሁ። የተጫዋቾቹ ስም፣ ቀኑና የጎሉ ብዛት፣ «መብራት ጠፋ» የሚል ማስታወሻም በየገጹ ተጽፎበታል። የዚያ ቤት ደስታ የጽሑፍ ማስረጃ እርሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችሁ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ሲጠይቋችሁ መጀመሪያ አቧራውን እንዲጠርጉ፣ ምስሉን በመሣሪያው ዐቅም እንዲመጥኑ፣ መብራቱን አስበው እንዲያስቀምጡ፣ ከሁሉም በላይ አንድ ወንበር ለጓደኛ እንዲጨምሩ ንገሯቸው። ከዚያም የታሪክ የቤት ሥራ ስጧቸው፤ በቤታቸው ወይም በሠፈራቸው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር መቼ እንደገባ፣ ምን ጨዋታ እንደነበረው፣ ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ ጠይቀው ይጻፉ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ሰንጠረዥ ያሳተሟቸው ጥናቶች የዕረፍት ጊዜ ጨዋታም ታሪክ እንዳለው አሳይተውናል። የእኛን ዘመን ጨዋታ ግን የሚጽፈው የተጫወተው ትውልድ ነው። መሣሪያ ያረጃል፣ ይሰረቃል፣ ይቃጠላል፤ የተጻፈ ደብተር ግን ድንበር ያቋርጣል።