ተከታዩ ኮከብ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ፣ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት መጻፍ ይቀለን ነበር። ነገር ግን ባለፈው ጥር አንድ ማታ የሆነው ነገር ከልባችን ስላልወጣ የአንድ ኮከብን ታሪክ መረጥን።

በዚያ ማታ በሜዳው ቆመን ሳለ፣ መምህራችን ቀላ ያለ ብርቱካንማ ኮከብ አሳይተውን ስሙን ጠየቁን። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «አልደባራን!» አልን፤ መጽሐፉ እንዲህ ይላልና። ከቦረና የመጣ ጓደኛችን ግን፣ «በእኛ አገር በከልቻ ነው» አለ። ሳቅንበት። አሁን ያን ሳቅ ስናስበው እናፍራለን፤ የምንጮኽበትን ስም ትርጉም እንኳ አናውቅም ነበርና።

አልደባራን በዐረብኛ «ተከታይ» ማለት ነው። ሰባቱ ከዋክብት በምሥራቅ ከወጡ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል፤ ሌሊቱንም ሙሉ ይከተላቸዋል። ሕንዶች ሮሂኒ ይሉታል፤ ይኸውም «ቀይዋ» ማለት ነው። ዐረቦች መንገዱን አዩ፣ ሕንዶች መልኩን አዩ። ቦረናዎች ግን ሥራ ሰጡት። አስመሮም ለገሰ በ1973 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ጻፉት፣ አያንቱ የሚባሉት የዘመን ቆጠራ ዐዋቂዎች አዲስ ጨረቃ ከበከልቻ ጎን ስትታይ ቡፋ የሚባለው ወር መግባቱን ያውቃሉ። ይህን ሁሉ የሚይዙት በቃላቸው ነው። (በሌላው የኦሮሞ አገር በከልቻ የንጋት ኮከብ ስም ስለ ሆነ አንባቢ እንዳይሳሳት።)

ኮከብና ጨረቃን ጎን ለጎን መመልከት በሌላም አገር ትልቅ ነገር አስገኝቷል። በ509 መጋቢት 11 ቀን ማታ በአቴና፣ ጨረቃ ከአልደባራን አጠገብ ስትታይ አንድ ሰው ይህን ጽፎ አቆየ። ከ1200 ዓመት በኋላ፣ በ1718፣ እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ይህን ማስታወሻና የጥንት ግሪኮችን መዝገብ አመሳክሮ፣ አልደባራን፣ ሲርየስና አርክቱሩስ በቀድሞ ስፍራቸው እንደሌሉ ተናገረ። ከዋክብት እንደ ምስማር የተተከሉ አይደሉም፤ ይሄዳሉ! አንድ ሰው ያየበትን ቀን ባይጽፍ ኖሮ ሃሌይ ምን ይዞ ይከራከር ነበር?

ስለ ኮከቡ ባሕርይ በአጭሩ፦ በመካከሉ የነበረውን ሃይድሮጅን ስለ ጨረሰ አብጧል፤ ስፋቱ የፀሐይን 44 እጥፍ ያህል ነው። ርቀቱ 65 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው።

ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ቀና ብንል፣ ከአናታችን ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ እናገኘዋለን። የሚጠራጠር ሰው በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስቱን የኦሪዮን ከዋክብት ይፈልግ፤ መስመሩን ወደ ሰሜን ምዕራብ ቢያስረዝም መጀመሪያ ቀዩን ኮከብ፣ አልፎም ሰባቱን ያገኛል። መልኩን ለመለየት ከነጩ ከሲርየስ ጋር ማወዳደር ይበጃል። ጨረቃም በየወሩ በአጠገቡ ታልፋለች።

እኛም ከዚያ ጓደኛችን ጋር ሆነን ቀኑን በደብተር መጻፍ ጀምረናል። የወሮቹን ስም የሚያስጠናን እርሱ ነው።