የመገናኛ ዋና መንገዶች መልሶ ግንባታ

መገናኛ የየካና የቦሌ ክፍለ ከተሞች የሚገናኙበት፣ ከአዲስ አበባ እጅግ ከተጨናነቁ የመንገድ መጋጠሚያዎች አንዱ ነው። የቀለበት መንገዱ በ1990ዎቹ፣ ቀላል ባቡሩ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ደረሱት። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የመጀመሪያው ምዕራፍ የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛና ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚወስዱትን መንገዶች የእግረኛና የብስክሌት መስመር ጨምሮ መልሶ ገነባ።

የዚህ አካባቢ ዕቅድ ከውሃ መጀመር አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚያልፈው እንጦጦ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ በቀበናና በሌሎች ወንዞች በኩል መንገዱን ያቋርጣል፤ የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦው ከጠበበ ምንም ያህል ጥሩ አስፋልት አይቆይም። ቀጥሎ የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መስመሮችን ማዛወር ይመጣል። ይህ ከቁፋሮው በፊት ካልተቀናጀ ሥራው ይጓተታል። የወሰን ማስከበር ከሁሉም ይከብዳል፦ ካሳና መልሶ ማቋቋም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚመሩ ቢሆኑም፣ ተነሺው የሚያጣው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን፣ ዕድሩንና የዕለት ገበያውንም ጭምር ነው፤ ይህን የካሳ ቀመር በቀላሉ አይለካውም።

የገንዘብ ምንጩ እንደ ሥራው ይለያያል። ለቀላል ባቡሩ ከወጣው ወጪ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የከተማ መንገዶች ግንባታ በዋናነት በከተማ አስተዳደሩ በጀት ይሸፈናል። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ የሚሰበስበው ገንዘብ የሚውለው ለጥገና ነው።