ጅማና የወራሪው ካርታ

የወረራ ጦርነት ሁለት ዐይነት መሣሪያ አለው። አንደኛው መድፍና አውሮፕላን ነው፤ ሁለተኛው የተወረረውን ሕዝብ እርስ በርሱ የሚለያይ ፖለቲካ ነው። ስለ ፊተኛው፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ከተሻገረ ጀምሮ በሠራዊታችን ላይ ስላወረደው ቦምብና የመርዝ ጢስ፣ ብዙ ተጽፏል። ሁለተኛውን መመርመር ለሚወድ ግን ጅማ መልካም ምስክር ናትና ስለ እርስዋ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ጅማ በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን ለንጉሥ ምኒልክ በሰላም ስለ ገበረች፣ ግብርዋን እየከፈለች በውስጥ አስተዳደርዋ ራስዋን ትገዛ ነበር። በሂርማታ ገበያም የብዙ አገር ነጋዴ ይገናኝ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ግን ይህ መብት ቀረ፤ የአባ ጅፋር የልጅ ልጅ አባ ጆቢርም ተያዙ። ነገሩ ለማዕከላዊው መንግሥት አንድነትን የማጽናት ሥራ ነበረ፤ በጅማ ባላባቶች ልብ ግን ቅሬታን ትቶ ዐለፈ። ወራሪው የደረሰው ይህ ቅሬታ ገና ሳይበርድ ነው።

ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማልያ ጋር ቀላቅላ በስድስት ግዛት ከፈለቻት። ከስድስቱ የአንደኛው ዋና ከተማ ጅማ ሆነች። ልብ ማለት የሚገባው፣ የኢጣልያ ጦር ጅማን የያዘው ከዚህ በኋላ በ1929 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ካርታው ከወታደሩ ቀድሞ መጣ ማለት ነው። ያው ሕግ እስላሞች በሚኖሩበት አገር ዓረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ አዘዘ። ወራሪው አባ ጆቢርን ፈትቶ ሱልጣን ብሎ ሾማቸው፤ ራሱንም የእስላሙና የኦሮሞው ጠባቂ አስመስሎ አቀረበ።

ይህ ፖለቲካ በከንቱ አልተዘራም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ከሄዱ በኋላ እንደራሴያቸው ራስ እምሩ በጎሬ ሆነው ጦርነቱን ለመቀጠል ጣሩ። የጥቁር አንበሳ ማኅበር ዐርበኞች ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ የጠላትን አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ገደሉ። ይህም ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ከማሰማታቸው ሦስት ቀን በፊት ነው። ዳሩ ግን በገባር ሥርዓት የተማረረ ገበሬ ያን ጦር በየስፍራው እንደ ወገኑ አልተቀበለውም። ራስ እምሩም በመጨረሻ ከጅማ በስተ ደቡብ በጎጀብ ወንዝ ተከበው በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ፤ ተግዘውም ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ።

ታዲያ ጠባቂ ነኝ ባዩ ምን ሆነ? በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ አወጣ። ይህ ሕግ እስላሙን ከክርስቲያኑ፣ ኦሮሞውን ከዐማራው አልለየም፤ ሁሉንም በአንድነት ከነጩ በታች አደረገ። ከፋፋዩ ራሱ ሕዝቡን በውርደት አንድ አደረገው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከፋፋዩ ያሰበው ሁሉ እንዳልተፈጸመ የገረሱ ዱኪ ታሪክ ያስረዳል። እኒህ የኦሮሞ ተወላጅ ዐርበኛ በወሊሶ አካባቢ ጠላትን ሲዋጉ ቆይተው፣ በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተባብረው ወደ ጅማ ዘመቱ። ሰኔ 14 ቀን ከተማዪቱ ተያዘች። ገዥው ጄኔራል ጋዜራም ወደ ምዕራብ ሸሽቶ በዚያው ወር መጨረሻ ከኮንጎ ለመጣ የቤልጅግ ጦር እጁን ሰጠ።

ዛሬ ከአወቱ መንደራ ተነሥቶ ወደ ሂርማታ የሚሄድ ተማሪ በኢጣልያ ዘመን የተሠሩ ቤቶችን ያያል። ድንጋዩ ሲታይ ይኖራል፤ የወራሪው ፖለቲካ የገባበትን ቀዳዳ ግን ዐይን አያየውም። ቀዳዳውን የከፈተው ወራሪው አይደለም፤ ያልተሰማ አቤቱታና ያልተቃለለ የገባር ሸክም ነው። እንግዲህ የአገርን ዳር ድንበር መጠበቅ ለወታደር ብቻ የተተወ ሥራ እንዳልሆነ መረዳት ይገባናል። ዳኛው በችሎት፣ ሹሙም በግብር አሰባሰብ ፍትሕን ሲጠብቁ የድንበሩ ጠባቂዎች ናቸው።