የሦስት ቀን ሥጋ



ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ከወጥ ቤት አይርቅም። የአረፋ በግ ታርዶ፣ ለዘመድም ለችግረኛም የሚደርሰው ከደረሰ በኋላ «የቀረውን ሥጋ ምን ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ለማንኛዋም የቤት እመቤት እንግዳ አይደለም። ማቀዝቀዣ ያላት እዚያው ትከተዋለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ሐሳብ ይገባታል። እናቶቻችን ገመድ ወጥረው ቋንጣ ያደርጉት ነበር። ይህ ጥያቄ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ተነስቷል፤ መልሱም ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው ተለውጧል። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ሥጋ ማድረቅ ለዐረቦች የቆየ ሙያ ነው። የደረቀውን ሥጋ «ቀዲድ» ይሉታል። የድሃም የመንገደኛም ምግብ ነበር። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቀርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ እርሳቸው ንጉሥ እንዳልሆኑና ቀዲድ ትበላ የነበረች ሴት ልጅ መሆናቸውን ነግረው አረጋግተውታል። ከዙልሒጃ 11 እስከ 13 ያሉት ሦስት ቀናት «አያሙ ተሽሪቅ» የተባሉበትን ምክንያት ዑለማዎች ሲያብራሩም፣ ሰዎች በሚና የኡድሒያና የሀድይ ሥጋቸውን ዘልዝለው ፀሐይ ላይ ያሰጡ ስለነበር ነው የሚለውን በብዛት ይጠቅሳሉ።

አሠራሩ ከእኛ ቋንጣ ብዙም አይለይም። ሥጋን የሚያበላሹት በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን ያለ ውሃ አይራቡም። ስለዚህ ሥጋው በቀጭኑ ይዘለዘላል፣ ጨው ይታሻል፣ ፀሐይና ነፋስ እርጥበቱን ይወስዱለታል። ወፍራም ዝልዝል ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሸታል፤ ቋንጣ አበላሽታ የምታውቅ ሁሉ ይህን አትረሳውም። ሞራው ደግሞ እንደ ሥጋው ስለማይደርቅና ቶሎ ስለሚከረፋ ተለይቶ ይወጣና ይቀልጣል። በደንብ የደረቀ ሥጋ ግን ረጅም መንገድ ይችላል። ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻው ሐጅ (በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ 632 እ.ኤ.አ) አገልጋያቸውን ሰውባንን ሥጋውን እንዲያዘጋጀው አዘዙት። እርሱም መዲና እስኪደርሱ ድረስ ከዚያው ሥጋ መገባቸው። ከመካ መዲና 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም በግመል።

ታዲያ ከዚያ አስቀድሞ በአንድ ዓመት ለየት ያለ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ችግር የበዛበት ወቅት ነበርና በዒዱ ሰሞን ከባዲያ፣ ማለትም ከገጠሩ ምድረ በዳ፣ የተራቡ ቤተሰቦች ወደ መዲና ገቡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ማንም ሰው ከኡድሒያው ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳያስቀምጥ፣ የተረፈውንም ሰደቃ እንዲያደርገው አዘዙ። ያ ዓመት የቋንጣ ገመድ የማይወጠርበት ዓመት ሆነ።

በቀጣዩ ዒድ ሰዎቹ ግራ ገባቸው። አንዳንዶች መጥተው፣ ሰው ቀድሞ ከኡድሒያው ቆዳ የውሃ ስልቻ ይሠራ፣ ሞራውንም ያቀልጥ እንደነበር ነገሯቸው። «አሁንስ ምን ከለከላችሁ?» የሚል መንፈስ ያለው ጥያቄ ሲጠይቋቸው፣ ያለፈውን ዓመት ክልከላ አስታወሷቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ለመጡት ችግረኞች ሲሉ ብቻ እንደነበር ገልጸው፣ እንዲበሉም፣ እንዲያስቀምጡም፣ እንዲመጸውቱም ፈቀዱ። ልብ በሉ፤ ቆዳውም ሞራውም በወሬው መካከል መግባቱ በዚያ ቤት የሚጣል ነገር እንዳልነበረ ያሳያል። ዛሬ በየከተማችን የአረፋ ማግስት ቆዳው በየቦዩ ወድቆ ስናይ ያሳፍራል።

ፈቃዱ ሁሉም ጆሮ ወዲያው አልደረሰም። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ (ረ.ዐ) ከመንገድ ሲመለሱ ቤተሰባቸው የኡድሒያ ሥጋ አቀረበላቸው። እርሳቸው ግን የሚያውቁት ክልከላውን ነው። ሥጋው እንዲነሳ አድርገው፣ ሳይቀምሱ፣ በእናታቸው በኩል ወንድማቸው ወደሆኑት የበድር ዘማች ቀታዳ ኢብኑ ኑዕማን ዘንድ ሄዱ። ቀታዳም እርሳቸው በሌሉበት ነገሩ መለወጡን ነገሯቸው። እንግዲህ አስቡት፤ የመንገድ ረሃብ ያለበት ሰው ማዕዱን ትቶ ለመጠየቅ ወጣ። ሥጋውን ያቆየችውስ እመቤት ያን ሰዓት ምን ተሰማት ይሆን?

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ከዓመታት በኋላ ዐሊይ (ረ.ዐ) ዒድ አሰግደው ባደረጉት ኹጥባ የሦስት ቀኑን ክልከላ ለሰዎች አስታውሰዋል። ፈቃዱ አልደረሳቸው ይሆናል ያሉ አሉ። ሌሎች ዑለማዎች ግን ይህ የሆነው ዑስማን (ረ.ዐ) በተከበቡበት በ35ኛው ዓመተ ሂጅራ (656 እ.ኤ.አ) ነው፣ መዲና በችግር ላይ ስለነበረች ዐሊይ ያንኑ ምክንያት አይተው ነው ይላሉ። በ204 ዓመተ ሂጅራ (820 እ.ኤ.አ) ያረፉት ኢማም ሻፊዒይም «አር-ሪሳላህ» በተሰኘው ኪታባቸው ጉዳዩን አንስተዋል። ችግረኛ ከመጣ ክልከላው ይጸናል፣ ካልመጣ ፈቃዱ ይጸናል የሚል መንገድ አሳይተዋል። እኔን የሚያሳምነኝ ይህኛው ነው። ገመዱ መወጠሩ ነውር የለበትም፤ ደጃፍ ላይ የቆመ የተራበ ሰው ሲኖር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ስለዚያ ዓመት በጣም ግልጹን ቃል የምናገኘው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ታቢዒይ መጥቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡድሒያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይበላ ከልክለው እንደሆነ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ይህን ያደረጉት ሰው በተራበበት ዓመት ብቻ መሆኑን፣ ያለው የሌለውን እንዲያበላ ፈልገው እንደነበር አስረዱት። ከዚያም ስለ ራሳቸው ቤት ጨመሩለት፤ የበጉን እግር አስቀምጠው ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ይበሉት ነበር። ሥጋው እንኳ አይደለም፣ እግሩ! ሰውዬው ተገርሞ እዚህ ድረስ ምን አስቸገራችሁ አላቸው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሳቁ። የሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ እርሳቸው አላህን እስከተገናኙበት ቀን ድረስ የስንዴ ዳቦ ከማባያ ጋር ሦስት ቀን በተከታታይ ጠግቦ እንደማያውቅ ነገሩት።