ከአሮጌ የአብራሪ መነጽር የሚነበብ ታሪክ

ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፤ በልብስና በዕቃም ላይ ተጽፎ ይኖራል። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ዕቃ ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው ነገሮች አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ጦር አብራሪዎች ያደርጉት የነበረው መነጽር ነው። ዕቃው ትንሽ ቢሆንም ማንበብ ለሚችል ሰው ብዙ ይናገራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ መነጽሩ ለምን እንዳስፈለገ እንመልከት። በቀድሞዎቹ አይሮፕላኖች የአብራሪው መቀመጫ ክፍት ስለ ነበረ ነፋሱ፣ አቧራውና ከሞተሩ የሚረጨው ዘይት ዓይንን ያውክ ነበር። በ1940 ወደ ጦር ሜዳ የገባው ዜሮ የተባለው ተዋጊ አይሮፕላን የመስተዋት ክዳን ነበረው፤ ነገር ግን አብራሪዎቹ ሲነሡና ሲያርፉ ክዳኑን ይከፍቱ ስለ ነበር መነጽሩ ከቆዳው ቆብ አልተለየም።

ሁለተኛው ምልክቱ ነው። በዚያን ጊዜ ጃፓን ራሱን የቻለ አየር ኃይል አልነበራትም፤ የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ የየራሳቸው አይሮፕላንና አብራሪ ነበራቸው። ስለዚህ በዕቃው ላይ ኮከብ ቢታተም የምድር ጦር፣ መልሕቅ ቢታተም የባሕር ኃይል መሆኑን ያስረዳል።

ሦስተኛው የዘመን ቁጥሩ ነው። የራሳችን አቆጣጠር ላለን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመን «ሾዋ» ይባላል፤ አንደኛው ዓመት 1926 ነው። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ 18 የሚል ቢገኝ፣ 1925 ሲደመርበት 1943 ይሆናል። የመሣሪያ ዓይነቶች ግን ብዙ ጊዜ በሌላ አቆጣጠር ይሰየሙ ነበር፤ ይኸውም በትውፊት የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ከሚባለው ከጂሙ ጀምሮ የሚቆጠረው ነው። በዚህ መሠረት 1940 ዓመተ 2600 ስለ ሆነ አይሮፕላኑ ከመጨረሻው ቁጥር «ዜሮ» ተባለ። ይህን የማይለይ ሰብሳቢ አስመስለው ሠርተው በሚሸጡ ሰዎች በቀላሉ ይታለላል።

መነጽር ከነፋስ እንጂ ከጥይት አያድንም። ሳቡሮ ሳካይ የተባለው ዝነኛ የባሕር ኃይል አብራሪ በነሐሴ 1942 በጓዳልካናል ደሴት አጠገብ ራሱን ተመትቶ፣ ከአራት ሰዓት በላይ በርሮ ራባውል ደረሰ፤ የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ግን ጠፋ።

ከዚህ የሚያሳዝነው የወጣቶቹ ነገር ነው። በጥቅምት 21 ቀን 1943 ከትምህርታቸው የተጠሩ ተማሪዎች በቶኪዮ ስታዲዮም በዝናብ ተሰልፈው ተሸኙ። በ1944 አይሮፕላንን ከነአብራሪው በጠላት መርከብ ላይ መጣል ተጀመረ። በቺራን ከተማ ያለው ቤተ መዘክር በኦኪናዋ ጦርነት እንዲህ የሞቱ 1,036 የምድር ጦር አብራሪዎችን ያስታውሳል፤ ከእነርሱም መካከል የ17 ዓመት ልጆች ነበሩ። የላካቸው መንግሥት በቻይናና በሌሎች አገሮች ሕዝብ ላይ ያደረሰው ግፍም የሚረሳ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ማኅተሙን ፍቆ አያጥራ፤ ዝገቱና ጽሑፉ ምስክሮች ናቸውና። ለጌጥና ለጀግንነት ትምክሕትም አይስቀለው። እኛ ተማሪዎች መነጽሩን ባየን ጊዜ ዋጋውን ሳይሆን፣ ከኋላው የነበሩትን እንደ እኛ ያሉ ወጣቶች ዓይኖች ልናስብ ይገባናል።