ሸሽታ የመጣችው ልጅ

በደል ካለበት ቤት የሸሸች ልጅ ደጃችን ስትቆም «ታገሺ፣ ተመለሺ» ማለት ይቀናናል። እኛም በጅግጅጋ ለአንዲት ልጅ ብለናታል።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ስለሞቱ አያቶቻቸው አሳደጓቸው። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ። ከዚያ ቤት ሸሽተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተማሩ፤ ሥራም ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሲሄዱ ዘመኑ የረሀብ ነበር፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ተብለው ነበር።

ሽሽቱ ከበደል አወጣቸው፤ በእግራቸው ያቆማቸው ግን ትምህርቱና ሥራው ነው።

ዛሬ ከቀብሪ በያህ፣ ከአውበሬ ወይም ከቶጎ ውጫሌ ለምትመጣ ልጅ የምታምናትን አክስት ፈልገን ማረፊያ እናገኝላታለን። ከአገር ሽማግሌዎች ጋር እንነጋገራለን። የትምህርት ቤት መልቀቂያዋን አስመጥተን፣ ምዝገባ ሳያልፍ ክፍል እናስገባታለን። ደብተርና ዩኒፎርሙ ከቁጠባችን ነው።

ያቺ «ተመለሺ» ያልናት ልጅ ትምህርቷን አልጨረሰችም። ይህን አንረሳም።